ጥርሷ የዶለዶመ

በፓናማ ቆላ፣ ባትሪውን ጨብጦ፣
ኤልፒዲዮ ማታ ከብርቱካኑ ሥር ተቀምጧል አድፍጦ፤
መርዙ በጣሳ ነው፣ ጉንዳን ሊፈጅበት፣
ዛፉን በሦስት ሌሊት መላጣ ያረገበት።

ግዙፏ ቆራጭ ናት፣ ቅጠል ትመትራለች፤
ነቁጥ የምታህል
በቅጠሉ ጀርባ ተሳፍራ ሄዳለች፣
ዝንብ እንዳያርፍባት ለእህቷ ዘብ ቆማለች።

አንዲቷ ግን አርጅታ፣
ጥርሷ የዶለዶመ እንደ አሮጌ መጋዝ፣
ወጣት የቆረጠችውን ይዛለች ማጓጓዝ።

ትናንት አገዳው ዳር ያ ጎረምሳ ካቦ
«ገጀራህን መልስ፣ ከነገ ጀምሮ ውሃ አድል» ሲለው፣
ምራቁን ዋጠ እንጂ መልስ አልነበረው።

«ይቺንስ ማን አላት?»
አለ ጎንበስ ብሎ።
ጣሳው አልተከፈተም።
ነገ ይረጭ ይሆናል፤ ዛሬ ግን ሸኛት
እስከ ጉድጓዷ አፍ፣ ብርሃኑን ከፍሎ።