ስድስት በርሜል

ሰኔ ሲገባ ነው ኪራይ የጨመሩት፤
«ወይ ክፈሉ» አሉን፣ «ወይ ቤቱን ልቀቁት።»
ምንውየለት ዝም አለ፣ ጥርሱን እየፋቀ፤
ሲመሽ ግን፣ እንደ ልጅ፣ ብቻውን ሳቀ።
ምጽዋ ሰባት ዓመት መርከብ ሲበይድ የኖረውን ሰው
ጨው የጠጣ ክንዱ ያን ማታ ቀሰቀሰው።

አቃቂ፣ ከቁራሌው፣ ስድስት በርሜል ገዛ፤
አንዱ ዘይት የሚሸት፣ አንዱ ቀለም፣ አንዱ በናፍጣ የወዛ።
በሳንቃ አያያዛቸው፣ ቆርቆሮ ደፋበት፣
ከፊተኛው በርሜል ጎን «ዘርፌ» ብሎ ጻፈበት።
(ፌዋ ተንጋዳለች። አላረማትም።)

አባ ሳሙኤል ወረድን፣ ሐምሌ ሲብት ማለዳ፤
ፍራሽ፣ ቡታጋዝ፣ ባልዲ፣ ይኸው የኔ ጓዳ።
እህቴ ሸዋንግዛው ዳር ቆማ፣ «አበዱ!» ብላ አለቀሰች፤
ልጇ ግን በጎን መጥታ «እኔንም ውሰዱኝ» አለች።

ዳር ማለት ለባሌ የፈሪ ሰፈር ነው፤
«ትልቁ ዓሣ» ይላል፣ «መሬት ከማይታይበት ነው።»
ቀና ብዬ አየሁ። መሬት የማይታይበት የቱ ነው?
በዚህ የኮንዶሚኒየም ገደል፣ በዚያ የፋብሪካ ጢስ፣
ከግድቡ ማዶ ለጤፍ የሚያርስ በሬ ሲያስነጥስ
እንኳ የሚሰማበት ውሃ!
«ዓይንሽን ጨፍኚ» አለኝ፣ «ያኔ መሬቱ ይጠፋል።»
ጨፈንኩ። እውነቱን ነው። ውሃው ይሰፋል።

ስምንት ቀን መረባችን ያወጣው ሌላ ነው፤
ያንድ እግር ነጠላ ጫማ፣ ያሻንጉሊት ራስ፤
የከተማው እጣቢ ማደሪያው እዚህ ነው።
እምቦጩ ሲይዘን በቢላ እየቆረጥን
በዘጠነኛው ቀን አምባዛ አወጣን፤
ጢሙን እያራገበ፣ እንደ ሹም ተኮፍሶ።
ጠበስኩት። ሳሙና ሳሙና አለኝ። እሱ ግን በላው፣ ጣቱን ልሶ።
ከዚያ ወዲህ ቀዘፍን ወደ ላይ፣ ጠራ ያለው ወንዝ ወደሚገባበት፤
ቆሮሶ በባልዲ ሙሉ ለቃሊቲ ሆቴሎች የሸጥንበት።

ሌሊት ግን፣
ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እንደ ጠጠር፣
አፍ ለጆሮ ተጠግተን እንኳ አንሰማም ነበር።
በርሜሎቹ ተጋጩ። ፋኖሱ ጠፋ።
እጄን በጨለማ ፈልጎ አገኘና
መዳፌ ላይ በጣቱ፣ ፊደል በፊደል፣ ጻፈ፤
ፈ
ራ
ሽ
ጠየቀኝ? ወይስ ነገረኝ፣ ሥጋ ፈራሽ መሆኑን?
መዳፍ ላይ ማን ይለያል መጥበቅ መላላቱን።
«አልፈራሁም» ብዬ ጻፍኩለት። ዋሸሁ።
ቆይቶ፣ በዝግታ፣ «እኔ ግን» አለኝ።
በሠላሳ ዓመት ትዳር፣ ስለ ምጽዋ እሳት ሲያወራ፣
አንድም ቀን ባፉ አልነገረኝም እሱም እንደሚፈራ።

ፍልሰታ ሲገባ ተጣላን። እኔ ጾመኛ ነኝ፤
«ዓሣ እኮ ሥጋ አይደለም» ብሎ ተሟገተኝ።
«ዓይን አለው» አልኩት።
ታረቅን፤ ያጠመደውን በጆንያ
ከነነፍሱ ውሃ ውስጥ ሊያቆየው እስከ ጾሙ መፍቺያ።
ነሐሴ አሥራ ስድስት ሳበው። ባዶውን ወጣ።
«ገመዱ ላልቶ ነው» አለ፤ ሳቀ፤ ሻይ ጠጣ።
ቋጠሮውን ማን እንደፈታው ዛሬም አልነገርኩትም።

መስከረም ጠባ። ቱሉ ዲምቱ አንዲት ክፍል ተከራየን፤
መሬቱ ቀጥ ብሎ ቢቆም፣ እንቅልፍ እምቢ አለን።
አምስቱን በርሜል ቁራሌው ወሰደው በግማሽ ዋጋ፤
ስሜ ያለበት ግን በር ላይ ቆሟል፣ ክረምት ከበጋ።
ውሃ እዚህ በፈረቃ ነው፣ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤
ያኔ ጠብታ እንዳይገባው የደፈንነው፣ አሁን እስካፉ ይሞላል።
ምንውየለት ሲወጣ ሲገባ በጣቱ ያንኳኳውና
ጆሮውን ዘንበል ያደርጋል፤
ለስንት ቀን እንደሚበቃን ከድምፁ ያውቃል።