ልዩ አስተያየት

ከጧቱ አራት ሰዓት፣ ደጀን ማዘጋጃ ቤት፣
ሳጥኑ ተከፈተ፣ ሰው ሁሉ እያየበት።
ሦስት ፖስታ ነበር፣ ሦስቱም ሰም የተቀባ፤
ሰሙን ልጬ ሳየው ወርቁ ዋጋ ሆኖ ቁጭ ብሏል በጀርባ።
እኔ ጸሐፊ ነኝ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ፣
ለሰው ልጅ ትምህርት ቤት፣ በሰው ገንዘብ ገዥ።

የመጀመሪያው ነጋዴ ነው፣
ብሎኬቱን ከሩቅ አገር በተሳቢ ሊያመጣው።
ሁለተኛው ቶላ፣ ከማዶ፣ ከጎሃ ጽዮን፣
ጥርብ ድንጋይ፤ ናሙናው ዐይን የሚያሳርፍ ብቻውን።
ሦስተኛው የሙጨ ማኅበር፣ አሥራ አራት ጎረምሳ፣
ፖስታው ላይ የአውራ ጣት አሻራ፣ በኖራ አቧራ የተነሣ።

መመሪያው ግልጽ ነው፤ አንቀጹን በቃሌ ነው የማውቀው፦
«በክልሉ ለተመረተ የግንባታ ዕቃ
ከመቶ አሥራ አምስት ልዩ አስተያየት ይሰጠው።»
አስተያየት ደግ ቃል ነው፤ ማየት ነው ሥሩ ሲፈታው።

ካልኩሌተሩን ደበደብሁ። ሙጨ አንደኛ ወጣ።
ልዋሽ እንዴ? ደስ አለኝ።
ያን ጤና ጣቢያ አውቀዋለሁ፣ በአራት ዓመቱ የተሰነጠቀውን፣
ብሎኬቱም ከሩቅ፣ ገንዘቡም ወደ ሩቅ የሄደውን፣
የኛ ልጆች መሮ ታቅፈው ከዋርካው ሥር እያዩ።
የወረዳ በጀት አባይ ነው፤ ማደሪያ የለው፣
ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል፣ የኛው ግን ግንዱንም አልያዘው።

ቶላ ግራ እጁን አነሣ። ቅሬታ መስሎን ነበር።
«ጥያቄ ነው» አለ ቆሞ፣ ባርኔጣውን እያዞረ።
«እኔ የምጠርበው ድንጋይና ሙጨ የሚጠርበው
አንድ አልጋ ላይ የተኛ ነበር፣ ወንዙ መጥቶ ሳይከፍለው።
የቱ ነው ታዲያ የናንተ? የቱ ነው ባዳ?
ድንጋይ መታወቂያ ያወጣል እንዴ፣ ቀበሌ ሄዶ በማለዳ?»

ሙጨ አቀረቀረ።
ድልድዩ ሥር፣ በልጅነቱ፣ መሮ ያስያዘው ቶላ ነበረ።
ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ፦
«ቅሬታ በአምስት ቀን ውስጥ፣ በጽሑፍ።»
ጻፍሁ። እሱም ተጻፈ።

ማታ ወደ ገደሉ አፍ ወረድሁ። ጉዳይ አልነበረኝም፣ እግሬ ነው የሄደ።
የኛውን አየሁ፦ ከላይ ጥቁር፣ ቀጥሎ ነጭ፣ ታች ቀይ።
ማዶውን አየሁ፦ ከላይ ጥቁር፣ ቀጥሎ ነጭ፣ ታች ቀይ።
አንድ መጽሐፍ ከመሐሉ እንደ ተገለጠ፣
ግራ ገጹ ከቀኝ ገጹ ፊት ለፊት እንደ ተቀመጠ።
ወሰኑን የጻፈው አባይ ነው፤ እኔ ገልባጭ ነኝ።

መመሪያውን ግን አልነቅፍም።
የአሥራ አራት ሰው ዱቤ ከባለሱቅ መዝገብ ተሰረዘ፤
ታናሽየው፣ ጓዴ፣ ጫማ ገዛ፣ ለእናቱም ሻሽ ያዘ።

ሰኔ መጣ። ግድግዳው መስኮት ሳያልፍ
የማዕዘን ድንጋይ አለቀ።
አንድ ሌሊት አይሱዙ ዳገቱን ሲያቃስት ተሰማ፤
ውሻ ጮኸ፣ ዘበኛው ሳል ሳለ፣ ከዚያ በኋላ ጨለማ።

ጧት ለርክክብ ሄድሁ። ቆጠርሁ። ሠላሳ ሁለት ማዕዘን።
ዘጠኙ ላይ የመሮው ጭረት ወደ ሌላ ያጋድላል፤
የግራኝ እጅ ነው።
ሙጨ ቀኝ ነው። ልጆቹም ሁሉ ቀኝ ናቸው።
ሙጨ አየኝ። አየሁት። ላብ በግንባሩ ላይ፣ ቃል ከአፉ ሳይወጣ።
ልዩ አስተያየት የሚሉት ይኸ ይሆን? ብዬ አሰብሁ።

ቅጹ ላይ አንድ ሣጥን አለ፦ «የተመረተበት ቦታ»።
እስክሪብቶው እምቢ አለ፤ መዳፌ ላይ አሸሁት።
«አባይ በረሃ» ብዬ ጻፍሁ፣ ፈረምሁ፣ ማኅተም መታሁበት።

ኦዲተር መጥቶ «የትኛው ዳር?» ይለኝ ይሆናል።
ይምጣ። ማዕዘኑን አሳየዋለሁ።
ዝናቡ እንደ ሆነ በሁለቱም ዳር ይዘንባል።