ሠላሳ አንደኛው ረድፍ

ትኬት የቆረጥኩት እኔ ነኝ በሌሊት፣
ሳንቲያጎን ዝናብ በጅራፍ ሲመታት።
ስምንት ስም ጻፍኩ፤ ስምንት መታወቂያ፤
መጨረሻ ላይ መጣ፦ "ወንበር ልምረጥ ካሉ፣ ይህ ሌላ ነው ክፍያ።"
ለመብረር ከፍዬ ለመቀመጥ ደግሞ ልከፍል?
አንድ ቤተሰብ ነን፤ ለሦስት ሰዓት ተኩል
ቢበታትኑንስ ምን ሊጎድል?
አልኩና ስልኬን ዘጋሁ።
ጥፋቴ ይኸው ነው፤ እስከ ዛሬ ይነሳል።

ወረቀቱ ሲታደል እንደ መጫወቻ ካርታ፣
ለእኔና ለልጆቹ አሥራ ሰባት ደረሰን፤ ለሴቶቹ ሃያ ሁለት።
ራሚሮ ወንድሜ ግን ዕጣው ውስጥ የለበት፤
ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ እግር የሚዘረጋበት፣
በኪሱ ገዝቶ ኖሯል ማንም ሳያውቅበት።
ሚስቱ ፓስኳላ ትኬቱን አየች፤ ፊቱን አየች።
"ጉልበቴን..." አለ፤ "ሐኪሙ..." አለ።
የራሷን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

እና አባቴ፣ ታታ ኤልዮ፣ ሰማንያ አንድ ዓመቱ፣
ባርኔጣው በእጁ፣ አዲስ ሹራብ ከአንገቱ፣
ሠላሳ አንደኛ ረድፍ፣ ሽንት ቤቱ በር ላይ፣ መስኮት የሌለበቱ።

እናቴ ኑርያ ስትቆጣ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፤
ዝቅ አደረገችው።
"አባትህ ሽንት ቤት ሲጠብቅ አንተ እግርህን ልትዘረጋ?"
"በገንዘቤ ነው እማማ፤ ማንን ጠየቅኩ ዋጋ?"
አክስቴ ዴልፊናም ጉሮሮዋን ጠራረገች፣
ተሽጦ ያለቀውን የታልካን ቤት አነሳች፤
ቁልፉን ማን እንደያዘ፣
እናቴ ስትታመም ሆስፒታል ማን አደረ፣
አበባ ልኮ ማን ቀረ...
የሹራብ ክር ነው ነገር፤ ጫፉ አንዴ ከተሳበ
እስከ እጅጌው ተተረተረ።
ከኋላችን የተሰለፈች አንዲት ሴት
ማስቲካዋን ማኘክ ትታ አዳመጠችን በሙሉ ልብ።

አባቴ ብቻ ነው ዝም ብሎ ባርኔጣውን የሚያዞረው።
"በኔ ዕድሜ" አለ፣ "ሽንት ቤት መቅረብ ሹመት ነው።"
ማንም አልሳቀም።

እኔ ግን አይቼዋለሁ፣ ሳምንቱን ሙሉ፣ በማጉያ መነጽር፣
ካርታ ላይ ሲከተል አንዲት ቀጭን መስመር፤
በሃያ ዓመቱ እዚያ ደቡብ፣ በአካፋ፣ በድማሚት፣
ከገደል ጋር ታግሎ የቆረጣት መንገድ ናት።
ከላይ አይቷት አያውቅም።
"መስኮት" የሚል ቃል ግን ከአፉ አልወጣም።
የእኔን ወንበር ሰጠሁት፤ መሃል ናት፣ ከመስኮቱ ቀጥላ።
"መስኮቱ የልደቴ ነው!" ጮኸች ቪሴንታ፣ ስድስት ዓመት ገና ሳትሞላ።
"ያንቺ ነው" አላት፤ "እኔ በትከሻሽ በኩል አያለሁ።"

ከሠላሳ አንድ የሚታየው አናት ብቻ ነው፦
የእናቴ ሽበት፤ የዴልፊና ሻሽ፤
የአባቴ መላጣ፣ ወደ መስኮቱ ያዘመመ።
ጎኔ ያለው ሰውዬ ትከሻዬ ላይ ተኝቶ አለመ።
ሽንት ቤቱ ተከፈተ፤ ተዘጋ፤ ተከፈተ።
ታች ደግሞ ደመና፤ ከአድማስ እስከ አድማስ ባዘቶ፣
መሬት የሚባል ነገር የለም፣ ከነጭራሹ ጠፍቶ።
ለዚህ ነው የተጣላነው?
ራሚሮ ከፊት መጣ፤ የታደለውን ብርድ ልብስ
ለእናቴ ደረበላት።
አላመሰገነችውም። አልመለሰችለትምም።

ከዚያ ቪሴንታ መጣች፣ ሽንቷ ይዟት፣ እግሯን እያጠላለፈች፦
"ድልድዩን አየሁት!"
"በዚህ ደመና?"
"ከሥሩ ነዋ! ታታ ሰዓቱን ሲቆጥር ቆየና
'አሁን' አለኝ። እጃችንን መስታወቱ ላይ አደረግን። ይበርዳል።
ባውቲስታ የሚባል ጓደኛው እዚያ ወንዝ ውስጥ ቀርቷል፤
ለሱም እጃችንን አውለበለብን።"
ብላ በሩን ዘጋችው።

ባውቲስታ።
አርባ አራት ዓመት ልጁ ሆኜ ይህን ስም ሰምቼ አላውቅም።
እናቴስ ታውቅ ይሆን? ሄጄ አልጠየቅኳትም።

ፑንታ አሬናስ ደረስን፤ ነፋሱ ባርኔጣ ይነጥቃል።
ራሚሮ የተከራየው ቫን በር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል።
አባቴ ከመግባቱ በፊት ወንበሮቹን በጣቱ ቆጠራቸው፤
ሰባት ናቸው።