በአንድ ፍርግርግ ላይ

መስኮት ሊሆን ነበር፣ አባቴ ሲገዛው፤
ስንት ዓመት ተኛበት ዝናብና ጤዛው።
ቤቱ ግን መሠረት ላይ ቀረ፣
አባቴም ቀረ።

ዛሬ በአራት ጡብ ላይ፣ ጓሮ ተጋድሞ፣
ከሰል ይጠብቃል ከእንግዳ ሁሉ ቀድሞ።
ሆጤ ነው ሰፈሩ፤ ቀኑ ቅዳሜ ነው፤
እህቴ ዘምዘም በነርሲንግ፣ ምንተስኖት በሒሳብ
ባንድ ቀን ተመርቀው፣ አንዱ በግ በስመ አብ፣
አንዱ በቢስሚላህ ታርዶ፣
ሁለት ሥጋ መጣ። ፍርግርጉ ግን አንድ።
እንዴት ይጠበሳል? ተፈለገ መንገድ።

ጋሽ ታደገ ወጡ፣ ሽቦ ከአጥር ፈተው፣
መሀሉን አሰሩት፣ በስንዝር ለክተው፤
«ከዚህ ወዲህ የናንተ፣ ከዚህ ወዲያ የኛ፤
ጭሱ እንደፈለገ፤ ለጭስ የለው ዳኛ።»

እኔ በካርቶን ክዳን እሳት አራጋቢ፣
ከሁለቱም ወገን ምስጋና ሰብሳቢ፤
«አብሽር የኔ ልጅ!» ሲለኝ ከወዲህ አጎቴ፣
«ጎሽ!» ሲሉኝ ከወዲያ፣ ተነፋ ደረቴ።

አጎቴ ይማም ጅዳ ሹፌር ሆኖ ኖሮ፣
መጥቷል ስለ ጥብስ ሁሉን ነገር ተምሮ።
እሱ እንደሚለው ነው እንግዲህ።
«ሥጋ አይነካካም፤ ሥጋን ዝም በለው፣
ሲበስል ራሱ ይጠራል፤ ምላስ አለው።»
ጋሽ ታደገ ደግሞ፣ ጡረተኛ የፖስታ፣
እንደ ደብዳቤ ያገላብጡታል፤ ዕረፍት የለ፣ ፋታ።
እኛ ጋ ጥብስ ቅጠል፣ እነሱ ጋ ሚጥሚጣ፤
እንባው ግን ከሁላችንም ዓይን እኩል ወጣ።

ከዚያ ጦሳ ተነፈሰ።

የደሴ ነፋስ መቼ አንኳኩቶ ይገባል?
ካርቶኔን ቀምቶኝ ራሱ ያራግባል።
ጮማው ነደደና እሳት አወጣ ምላስ፤
አጎቴ ደፋበት አንድ ጆግ ውሃ፣ ሊመልስ።
የጋለው ጡብ ውሃ ሲነካው፣ «ቷ!» ብሎ ተሰነጠቀ፣
ፍርግርጉ በአንድ ጎኑ አዘመመና ወደቀ፤
ሽቦው ተበጠሰ። ሥጋ ከሥጋ ጋራ
አመድ ለብሶ ተኛ፣ ማንም ማንን ሳይፈራ።

ዘምዘም እየሮጠች መጣች፣ ጋዋኗን ሳታወልቅ፤
(የኪራይ ነው፤ ሰኞ ጠዋት ቆጥሮ የሚጠየቅ።)
አንዲት ፍም ዘለለች፤ እጅጌዋን በሳችው፣
የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል መስኮት ከፈተችው።

«ጥብስ ቅጠል ያለበት የኛ ነው!»
«ሚጥሚጣ ያለበት የኛ!»
ሁሉም ጥቁር ነበር።
አጎቴ አንዱን አነሳ፤ አሸተተ፤ ዝም አለ።
(ሥጋውም አልጠራውም።)
ጋሽ ታደገ መነጽር አጠለቁ፣ ወደ ብርሃን ይዘው፣
ግራና ቀኙን አዩት፣ በጥፍራቸው ፍቀው፤
«አድራሻ የለውም» አሉ። «ለላኪው እንዳልመልስ፣
ላኪው በግ ነው።»

ምራቃችንን ዋጥን። ማንም እጁን አልሰደደም።
በአጥሩ ቀዳዳ ገባ የሰፈሩ ውሻ፣
ማን አረደው ሳይል በላ እስከ መጨረሻ።

እናቴ ሳቀች፤ ምሰሶ ይዛ፣ እስክታነባ፤
የእትዬ ውድነሽ ድንች በዚያው ፍም ውስጥ ገባ።
ድንች ቢላ አያውቅም፤ ድንችን ማንም አያርደው።
ከአንድ ትሪ በላን፤ ጣታችንን እየፈጀው፣
ውጩ ከሰል፣ ውስጡ ጥሬ፣
ጨው እንኳ የመጣው ካለቀ በኋላ ነው።
አጎቴ ብቻ፣ ጥግ ይዞ፣ ስለ ጡብ ያወራል፤
«ጅዳ ቢሆን ኖሮ» ይላል፣ «ጅዳ ጡብ የት ይሰበራል?»

ሰኞ ባለ ጋዋኑ ጣቱን በእጅጌው ቀዳዳ
አሾልኮ ቀሰረብን፤ አየን በዚያ በኩል፤
«ሦስት መቶ ብር» አለ። ከፈልን፣ እኩል በእኩል፣
እሳቱን ያራገበው ማን እንደነበር ሳይነሳ።
(ነፋሱ ነው። እኔ ካርቶኑን ተቀምቼ ነበር።)

ፍርግርጉ ዛሬም ጓሮ ነው፣ አንድ ጎኑ ጠቁሮ፤
ዶሮ ይሰፍርበታል ሲመሽ፤
ሽቦዋም በአንድ ጫፏ እንደታሰረች ናት፤
ማንም አልፈታትም። ማንም አልቀጠላት።