ተመላሽ

ፊልም ሠሪዎቹ መጡ፣ ሐምሌ በገባ በሰባተኛው ለት፣
በሁለት ነጭ ሚኒባስ፣ ባንድ አይሱዙ መብራት፣
የኛን ጉድ ሊቀርጹት።
ሄርማታ ላይ ወረዱ። ጭቃው ገረማቸው።
«ዝናቡ መቼ ያባራል?» አሉን፤ ሳቅንባቸው።

እኔ ያኔ የማኅበሩ ገንዘብ ተቀባይ ነበርሁ፣
ካርቦን ስቀይር፣ ደረሰኝ ስቆርጥ፣ ማህተም ስመታ የኖርሁ።
ስለዚህ ጠሩኝና «አማካሪ» ብለው ወንበር ሰጡኝ፤
«እንዴት ያለ ሰው ነበር? ንገረን» አሉኝ።

ነገርኋቸው።
ፍሬሰንበት ውስኪ ቀምሶ አያውቅም ነበር፤
ሻይ በሎሚ ነው የሚወድ፣ ያውም ያለ ስኳር።
ሹራቡ ግራጫ፣ ክርኑ የተጣፈ፣
ለቅሶ ቤት ቀድሞ ደርሶ ካስማ የደገፈ።
«አስቀምጡ፣ በዓመቱ እጥፍ ነው» ሲል ድምፁ ከፍ አይልም፤
የሚጮህ ሰውማ ጅማ ላይ አይታመንም።

ዳይሬክተሩ አዛጋ።

በነሱ ፊልም ፍሬሰንበት ነጭ በነጭ ለብሷል፣
የብር ኖት ከሰገነት እንደ በረዶ ይበትናል፣
ሴቶች ይጨፍራሉ፣ ሻምፓኝ ይፈነዳል፣
ጅሬን አናት ላይ ሄሊኮፕተር ያርፋል።
ሄሊኮፕተር!
እኛ የምናውቀው አንዲት አሮጌ ላንድክሩዘር፣
መስኮቷ አልወርድ ያለ፣
ደግሞም ቦሳ ቂጦ ያላለቀ ፎቅ አለ፤
ሦስተኛው ላይ ሮዝ መታጠቢያ ገንዳ፣
ጠብታ ውኃ ያልወጣለት።
ቅንጦቱ ይኸው ነበር። የሁለት ሺህ ሰው ጥሪት።
ዛሬ እርግብ እንቁላሏን ትታቀፍበታለች።

ሌባ ሁሉ ሲሰርቅ የሚፈነጥዝ ይመስላቸዋል።
እኔ ያየሁት ሌባ በእኩለ ሌሊት ድምር ያርማል፤
ለከድር የሚከፍለውን ከብሩክታይት ይወስዳል፣
ለብሩክታይት የሚሆነውን ነገ ከሚመጣው ይጠብቃል።
ላማችን ሰማይ ላይ ነበረች፤
የወተቱን ደረሰኝ የምቆርጠው እኔ ነበርሁ።
«ይህማ አይቀረጽም» አሉኝ፣ «ድምር ምኑ ይታያል?»

ከዚያ የሰልፉ ቀን ደረሰ፣
ቢሮው ታሽጎ ሰው በሩ ላይ የፈሰሰ ለት።
ሰልፈኛ ፈለጉ፤ በቀን ሦስት መቶ ብር።
የመጡት እነዚያው ናቸው፤ በዚያው ዝናብ፣ በዚያው በር።
ማን የት እንደሚቆም ማንም አላሳያቸው፤
ያኔ የቆሙበትን እግራቸው ያውቀዋል።
አዴ ሻምሲያ ከፊት፣ የሰርግ ወንበር ታከራይ የነበረች፣
ሁለት መቶ ወንበሯን ሸጣ እኛ ዘንድ ያስቀመጠች።
«ካሜራ!» ሲባል መዳፏን በሩ ላይ አኖረች፣
የልጅ ትኩሳት እንደሚለካ ሰው፣ ዝም አለች።
«ቁረጥ! እናቴ፣ ትንሽ እሪ በይ፣
እንዲህ ማን ያምነናል?»
ያኔም እሪ አላለችም።
ኋላ ከአዲስ አበባ የመጣች አንዲት ወጣት እሪ አለችላት።
እውነት ለመናገር፣ ጥሩ አለቀሰች።

እኔንም ሠርተውኛል። መልከ መልካም፣ ዓይነ ኩል።
ወረቀቱን ይበትንና «በቃኝ!» ብሎ ይወጣል፣
በሩን ደርግሞት።
እኔ አልወጣሁም።
ቢሮው በታሸገበት ጠዋት እንኳ፣ እስከ ሦስት ሰዓት፣
ሰባት ደረሰኝ ቆርጫለሁ።
ይህን አልነገርኋቸውም።
ሄሊኮፕተሩን «ውሸት!» ያለ አፌ
ያን ልጅ ሲያይ ተለጎመ።

ማታ አዴ ሻምሲያ ቤቴ መጣች።
ከፌስታል ውስጥ ሰማያዊዋን ደብተር አወጣች፣
ጠርዟ በርጥበት ያበጠ።
«ሦስት መቶ ሰጡኝ ዛሬ፤
ከዚያ ሁሉ ገንዘብ የተመለሰ ይኸው ነው።
ጻፍልኝ።»
«ይህ እኮ የፊልሙ...» ልል ነበር።
እስክሪብቶ አነሳሁ።
«ተመላሽ» ከሚለው ሥር፣ ምንም ተጽፎበት በማያውቀው ዓምድ፣
ጻፍሁ። ቀሪውን ቀነስሁ። ፈረምሁ።
ደብተሯን ወደ አምፖሉ አስጠግታ፣
አዲሱን ፊርማዬን ከድሮው ጋር አስተያየችው፣
ደጋግማ።

«ያው ነው» አለች።