ልክ

በታኅሣሥ ማለቂያ፣ ሽምብጥ ሰፈር ውስጥ፣
ከጣና የተነሣ የቀትር ነፋስ ሲገላልጥ
የሱቄን መጋረጃ፣ ያረጀውን ሸራ፣
እማዋይሽ ገባች፣ ዓይኔን ሳትፈራ።

«ልጄን እድራለሁ፣ በጥር አጋማሽ፤
ቀሚሴን ስፊልኝ፣ እንደ ድሮ እጅሽ።»

እንደ ድሮ አለችኝ። ድሮ ማለት መቼ?
ከዕቁቡ መዝገብ ፊት ሳልቆም ተጠርቼ?

ጸሐፊዋ እኔ ነበርሁ። አሥራ ሁለት ሺ ብር
ጎደለ ተባለ። በሰንበቴ ማኅበር
ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ዳቦ ሲቆረስ፣
እሷ ናት የተነሣች፣ ነጠላዋን ስትመልስ፤
«ሌባዋማ ጠጂቱ ናት» አለች፣ ሳትጠየቅ፣
ያፏን ጠላ እንኳ ሳትውጥ፣ ጽዋው ሳያልቅ።

በሁለተኛው ወር መዝገቡ ሲጣራ፣
አንድ ገጽ ዘሎ ኖሯል ባሏ፣ ሲቆጥር በተራ።
ብሩ አልጎደለም። ሰው «ተመስገን» ብሎ ዝም አለ፤
«ይቅርታ» ማለትን ግን አንድ አፍ አልታደለ።
ያን ክረምት የስፌት መኪናዬ ዝገት ጠጣ፣
ጨርቅ ይዞ ወደ ደጄ ሰው ሳይመጣ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ።
ጨርቅን ጠይቁት፣ መርፌ ያለፈበትን ሲያወሳ።

ክንዷን ዘረጋች። ሜትሬን አነሣሁ፤
ደረቷን ለካሁ፣ ወገቧን ለካሁ፤
አንገቷ ጋ ስደርስ እጄን አዘገየሁ።
ሠላሳ ስድስት። ከሜትሩ በታች
ደም ሥሯ ይመታል። እሷ ስለ በሬ ዋጋ አወጋች።
«ልክሽን አሳይሻለሁ!» አልሁኝ በሆዴ፤
ጠመኔው ጣቴ ላይ፣ መቀሱ ከክንዴ።

ማታ መብራት ጠፋ። ሻማ ለኮስሁኝ፤
ሐይቁ ደንገሉን ሲያሻሽ ከሩቅ ተሰማኝ።
ጨርቋን ዘረጋሁት። ብብቱ ላይ ሁለት ጣት፣
ሁለት ጣት ባጠብበው ማን ያያል በሌሊት?
ሲለብሱት አይታይም። ለጭፈራ ሲነሡ፣
ትከሻ ሲመታ፣ እልልታ ሲያደርሱ፣
ከብብት እስከ ወገብ፣ ትርርርር ብሎ ይቀደዳል፤
ያገሩ ሰው ዓይን ሁሉ ወደዚያ ይነጉዳል።
ጣፈጠኝ። አልዋሽም። ምራቄን እየዋጥሁ፣
ሁለት ጣት ገባ አርጌ መሥመሩን ለወጥሁ።

መቀሱን ከፈትሁት።
ከፈትሁት፤ አልዘጋ አለኝ።

ቄስ አልገሠጸኝም፣ መልአክም አላየሁም፤
የያዘኝ ቁጥር ነው። ጽድቅ ነው አልልም።
ሁለት ጣት ጨርቅ። የማን ነው? የእሷ ነው፣ ከገዛችው ላይ።
ቆርጬ ባስቀረው፣ ደብቄ ሳላሳይ፣
አሥራ ሁለት ሺ ብር ያልነካ እጅ
ይኸው ሌባ ሆነ፣ በገዛ ደጅ።
ያኔ የዋሸችው ዛሬ እውነት ሊሆን ነው፤
ያጣችውን ምስክር እኔው ልሰጣት ነው።

መሥመሩን ጠረግሁት በመዳፌ ላቦት፤
ጠመኔ ቶሎ አይለቅም፤ ደጋግሜ አሸሁት።

ሲነጋ በልኳ ነው የቆረጥሁላት፤
ሠርግ ነው፣ ትበላለች፤ ትርፍም ተውሁላት።

ደግ ሆንሁ አልልም። ጥበቡን ስሰፋ
ንዴቴ በየስፌቱ ብቅ ይል፣ ይጠፋ
ነበረ። ሁለት ጊዜ ጣቴን ወጋሁ፤
አንዴም ጮክ ብዬ፣ ብቻዬን፣ ሰደብኋት፤ ከዚያ ሰፋሁ።

ልትወስደው መጣች። ለብሳ መስታወት ፊት ቆመች፤
ክንዷን ሽቅብ ሰደደች፤ ዞረች፤ ትከሻዋን ሰበቀች።
«ልክ ነው» አለችኝ።
ጎንበስ ብላ የቀሚሱን ጫፍ ያዘች፤ ቆየች።
«ልክ ነው... ጠጂቱ።»

ቀሚሱን ይሁን ሌላ፣ አልጠየቅኋትም።
ብሩን ፊቷ ቆጠርሁት፤ ያን እንኳ አልማርኋትም።

ስትወጣ መጋረጃው በነፋስ ገለጥ አለ፤
ሐይቁ ላይ አንድ ታንኳ፣ ደንገል ጭኖ፣ ዋለለ።
መርፌዬን ፈለግሁ። ጠረጴዛው ላይ የለችም፣ ከመሬትም።
ለካ ደረቴ ላይ ናት፤
ሰክቼ ረስቻት።
ነቀልኋት፤ ክር አስገባሁባት፤
የማሳጥረው ሱሪ አለ፣ ለነገ ጧት።