ኮንትራት

ቅዳሜ ከሰዓት፣ በጤና ጣቢያው አዳራሽ ተሰብስበን፣
አሥራ ሰባት እናት፣ ሦስት አባት፣ ጫማ ጫማችንን እያየን።
(እናቷ የፓርኩ ተረኛ ናት፤ እኔ ተተክቼ መጣሁ።)
ሲስተር ዘቢደር አንዲት የልጅ ወንበር መሀል አስቀመጠች፤
«ልጃችሁ ይቺውና፤ አስረዷት» አለች።

ወንበሯ ባዶ። ባዶ ወንበር እንዲህ ያፈጥጣል?
አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበች፣
ዱካሞ ስልኩ ሳይጮህ «ሃሎ» እያለ ወጣ።

እኔ ሐሜሶ፣ የባጃጅ ሐኪም የሚሉኝ፣
ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካርቡራተር፣
በጨለማ በጣቴ ዳስሼ ስሙን የምጠራ፣
ተራዬ ደርሶ ብነሳ፣
«እ... ያ... እንትን» አልኩ።
«እንትን የሚባል አካል የለም» አለች ሲስተር።

ሳምንቱን ባዶ ባጃጅ እየነዳሁ ተለማመድኩ፣
ከመናኸሪያ አሞራ ገደል ቃሉን እያላመጥኩ።
አንድ አባ ኮዳ፣ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀብሮ፣
ከመብራት እንጨት ላይ አየኝ፣ እንደ ሰፈር ሽማግሌ ተኮሳትሮ።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመልሳት፣
ያኔት ከኋላ፣ ቦርሳዋን ታቅፋ፣
መስታወቱ ላይ ዐይኗ ብቻ።
ለካ ፊት ለፊት የከበደ በመስታወት ይቀላል።

«ያኔትዬ፣ አሥራ አንድ ሞላሽ፤ ሰውነትሽ ሊለወጥ ነው።
ደም ብታዪ አትደንግጪ፤ ቁስልም፣ በሽታም አይደለም።
ሞዴስ ከመቀመጫው ሥር አለ፣ ከመፍቻው ጎን።
ሰውነትሽ ያንቺ ነው።
ዘመድ ይሁን መምህር፣ ‹ለአባትሽ እንዳትነግሪ› ያለሽ ቀን፣
ያን ቀን ሮጠሽ ለእኔ።»

ዝም። ሞተሩ ብቻ ያወራል።
«ሳይንስ ላይ ተምረነዋል» አለች፣ ወደ ውጭ እያየች።
ቆይታ ደግሞ፣
«አባዬ፣ ታዲያ ‹ከሐይቁ ዳር አገኘንሽ› ያላችሁኝ ለምንድን ነው?
ትንሽ እያለሁ፣ ፍቅር ሐይቅ በሄድን ቁጥር፣
ቄጠማው ውስጥ እህቴን እፈልግ ነበር።»

ባጃጁን ዳር አስያዝኩ።
አንዱ ሊሳፈር ጎንበስ ሲል፣ «ኮንትራት ነው» አልኩት።
መስታወቱን ትቼ ዞርኩላት።
«ፈርተን ነው» አልኳት። «አፍረን።»

ከዚያ ጥያቄው መጣ፣ እንደ ሐምሌ ጎርፍ፤
ግማሹን እየተንተባተብኩ መለስኩ፣
ግማሹን «አላውቅም፤ ቅዳሜ ሲስተርን ልጠይቅ» አልኩ።

«ቅዳሜ ሩቅ ነው» አለች።
ሞተሩን ሳላስነሳ ትንሽ ቆየን።